ከክትክታው ዛፍ ሥር ያለው ተማሪ

የግቢ ሕይወትና የአእምሮ ጤና

በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪዎችን ሲጠሩ በየመናኸሪያው የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው። ሻንጣና ብርድ ልብስ፣ በላስቲክ የተቋጠረ በሶና ቆሎ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርግ እናት፣ «አደራ፣ በርታ!» እያለ የልጁን ትከሻ መታ መታ የሚያደርግ አባት። ብዙዎቻችሁም ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ በጉባኤ ፊት ቆማችሁ፣ ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ጸልየውላችሁ፣ ምእመናን በእልልታ ሸኝተዋችኋል።

ከዚያ በኋላ ስለሚመጡት ወራት ግን ብዙም አይወራም።

እስቲ አንድ ተማሪ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ተጋምሷል። ጠዋት ጓደኞቹ ወደ ክፍል ሲሄዱ እርሱ በአልጋው ዙሪያ የሰቀለውን አንሶላ ጋርዶ ተጋድሟል። እንቅልፍ ግን የለውም። ቁርስ መብላት ከተወ ሰንብቷል። የሚድ ውጤቱን ለማየት ፈርቶ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ሸሚዙን ቀይሮ ወደ ፌሎሺፕ ይሄዳል፤ ከኳየሩ ጋር ቆሞ ይዘምራል። «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ጌታ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላል። ማታ ተመልሶ አንሶላውን ይጋርዳል።

ይህ ተማሪ ሩቅ ያለ ሰው አይደለም። ምናልባት ከእናንተ በላይ ባለው አልጋ ላይ የሚተኛው ጓደኛችሁ ይሆናል። ምናልባትም እናንተው ራሳችሁ ናችሁ። ስለ እርሱ በግልጽ መነጋገር የሚያስፈልገው ዝምታው ብዙ ወጣቶችን ስለሚጎዳ ነው። አእምሮ እንደ ሌላው የሰውነት ክፍል ይደክማል፣ ይታመማል፣ ይድናልም። ለዚህ እርዳታ መፈለግ ከእምነት ማነስ አይቆጠርም። እንዲያውም መጽሐፍ ቅዱስን በጥሞና ብናነብ እግዚአብሔር ራሱ የደከመ አገልጋዩን በምን ዓይነት ርኅራኄና በምን ቅደም ተከተል እንዳነሣው እናገኛለን።

ከድል ማግስት

ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን የለመነው ከሽንፈት በኋላ አልነበረም። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 18ን ስናነብ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ እሳት ከሰማይ ወርዷል፤ ለሦስት ዓመት የተዘጋው ሰማይ ዝናብ ሰጥቷል። ምዕራፍ 19 ላይ ያው ሰው በአንዲት ሴት ዛቻ ተንቀጥቅጦ ወደ ምድረ በዳ ይሸሻል። ትልቅ ድል ሰውን ባዶ ሊያደርገው እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

እናንተም ወደ ግቢ የገባችሁት ከድል ማግስት ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር በተገለጸው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2017 ዓ.ም. በተሰጡት ፈተናዎችም ያለፉት ከአሥር ተማሪ አንድ እንኳ አልሞሉም። ስለዚህ ያለፈ ልጅ የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን የሰፈሩና የአጥቢያው ኩራት ሆኖ ነው የሚሸኘው።

ኩራቱ መልካም ነው፤ ሸክም የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። በትምህርት ቤታችሁ አንደኛ ነበራችሁ፤ ግቢ ስትገቡ የዶርሙ ልጆች ሁሉ በየትምህርት ቤታቸው አንደኛ የነበሩ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። በሕይወታችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሲ» ታያላችሁ። መምህሩ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ እጅ አውጥቶ መጠየቅ ያሳፍራል። የምትፈልጉት ዲፓርትመንት በነጥብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ተማሪ ዲግሪውን አያገኝም። አባታችሁ በሬ ሸጦ ወይም እናታችሁ ዕቁብ ጥላ የላከችው ገንዘብ በኪሳችሁ ሳለ «ከብዶኛል» ብሎ ስልክ መደወል ቀላል አይደለም። ከቤት የሚመጣው ወሬም ሁልጊዜ የሰላም አይደለም፤ መንገድ ተዘግቶ ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ የቤተሰቡን ድምፅ ሳይሰማ የሰነበተ ተማሪ መጽሐፍ ገልጦ ቢቀመጥ ልቡ የት እንዳለ ማን ያውቃል?

በዚህ ላይ ዕድሜው ራሱ አለ። ከአእምሮ ሕመሞች ከግማሽ የሚበልጡት የሚጀምሩት ከ25 ዓመት ዕድሜ በፊት እንደሆነ ጥናቶች ያሳያሉ። የዩኒቨርሲቲ ዓመታት የሚያርፉት በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ በግቢ ውስጥ አንድ ተማሪ ቢታመም ሊያስደንቀን አይገባም። ሊያሳስበን የሚገባው ታሞ ሳለ የሚያውቅለት ሰው አለመኖሩ ነው።

ናፍቆት ነው፣ ውጥረት ነው ወይስ ሕመም?

የከፋው ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤትን መናፈቅ፣ ምግቡ አለመስማማቱ፣ ሌሊት ማልቀስ እንኳ የተለመደ ነው፤ ጓደኛ ሲገኝ ይቀንሳል። በፈተና ሰሞን መጨነቅም ያለ ነው፤ ልክ ያለው ጭንቀት እንዲያውም ያስጠናል፤ ፈተናው ሲያልፍም አብሮ ያልፋል።

ድባቴ የሚባለው ሕመም ግን አያልፍም። ሐዘን ወይም ባዶነት፣ ወይም ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት፣ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሲቆይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። አብረውት የሚመጡ ሌሎች ምልክቶችም አሉ፦

– እንቅልፍ ማጣት፣ ሌሊት ዘጠኝና ዐሥር ሰዓት ላይ ነቅቶ መቅረት፣ ወይም ቀኑን ሙሉ መተኛት፤
– የምግብ ፍላጎት መጥፋት ወይም ከልክ ማለፍ፤
– አንድ ገጽ አምስት ጊዜ አንብቦ ምንም አለመያዝ፤
– ያለ ሥራ መድከም፣ ልብስ ማጠብና ገላ መታጠብ እንኳ እንደ ተራራ መክበድ፤
– «እኔ ምንም አልረባም፣ ለቤተሰቤ ሸክም ነኝ፣ እግዚአብሔርም ትቶኛል» የሚል የማያቋርጥ ሐሳብ፤
– ሞትን ደጋግሞ ማሰብ።

በአገራችን ደግሞ የልብ ስብራት ብዙ ጊዜ በሰውነት በኩል ነው የሚናገረው። ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ የደረት መጨነቅ፣ የሰውነት ማቃጠል። የጨጓራ መድኃኒት ለመውሰድ በተደጋጋሚ ወደ ግቢው ክሊኒክ የሚመላለስ ተማሪ ምናልባት ሕመሙ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። በድንገት ልቡ በኃይል የሚመታ፣ እጁ የሚርድ፣ ትንፋሽ የሚያጥረውና «አሁን መሞቴ ነው» የሚል ተማሪም የልብ በሽታ ሳይሆን ብርቱ የጭንቀት ስሜት ይዞት ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ግን በምርመራ ነው።

ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ መድረስን የሚጠይቁ ምልክቶችም አሉ። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ «ሊመርዙኝ ነው፣ እየተከታተሉኝ ነው» ብሎ ሰውን ሁሉ መሸሽ። እንደዚሁም ለብዙ ሌሊት ሳይተኛ ድካም የማይሰማው፣ ያለማቋረጥ የሚናገር፣ ያለውን ገንዘብና ልብስ የሚያድል፣ ትልቅ ተልእኮ እንደተሰጠው የሚያውጅ ተማሪ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። በእኛ መካከል ይህ አንዳንዴ የመንፈስ ቅናት ተብሎ ይታለፋል። የእግዚአብሔርን ሥራ አንንቅም፤ ነገር ግን ከሳምንት በፊት የምታውቁት ወንድማችሁ በድንገት ሌላ ሰው ከሆነና እንቅልፍ ካጣ፣ ጸልዩለት፤ ደግሞም በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት።

«እምነቴ ስለ ደከመ ይሆን?»

አማኝ ተማሪን ከሕመሙ እኩል የሚያደቀው ይህ ጥያቄ ነው። «ጌታን የሚወድ ሰው እንዴት ይደበራል? ኃጢአት ሠርቼ ይሆን? ጸሎቴ አንሶ ይሆን?» እያለ በቁስሉ ላይ ሌላ ቁስል ይጨምራል። ስለዚህም ይደብቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ብሂል የደረሰው እርሱ ላይ ነው።

ቃሉ ግን ምን ያሳየናል? ሙሴ የሕዝቡ ሸክም ሲከብደው እግዚአብሔር እንዲገድለው ጠይቋል (ዘኍልቍ 11)። ኢዮብና ኤርምያስ የተወለዱበትን ቀን ረግመዋል (ኢዮብ 3፤ ኤርምያስ 20)። ሐዋርያው ጳውሎስ በእስያ በደረሰበት መከራ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ እስኪቆርጥ ድረስ ከአቅሙ በላይ እንደከበደው ለቆሮንቶስ ምእመናን ሳያፍር ጽፎላቸዋል (2ኛ ቆሮንቶስ 1)። መዝሙር 88ን ያነበበ ሰው ደግሞ ጸሎቱ የሚያልቀው በጨለማ ውስጥ ሆኖ እንደሆነ ያውቃል። እግዚአብሔር ይህን ጸሎት ከመጽሐፉ አላስወጣውም።

ከቤተ ክርስቲያን ታሪክም አንድ ሰው እናንሣ። ስመ ጥሩው የለንደን ሰባኪ ቻርልስ ስፐርጅን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1856 በአንድ ትልቅ አዳራሽ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ቆሞ ሳለ ከሕዝቡ መካከል «እሳት!» የሚል የሐሰት ጩኸት ተሰማ። በተፈጠረው ግርግር ሰባት ሰዎች ተረጋግጠው ሞቱ። ስፐርጅን ያን ጊዜ ዕድሜው 22 ነበር፤ ከብዙዎቻችሁ ጋር እኩያ ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1892 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ብርቱ ድባቴ ደጋግሞ ይይዘው ነበር። ይህንንም አልደበቀም፤ ለአገልግሎት ያሠለጥናቸው የነበሩትን ተማሪዎች ስለዚሁ ጉዳይ በግልጽ አስተምሯቸዋል። እምነቱ ስላልነበረ ነው የሚል ይኖር ይሆን?

እርግጥ ነው፣ ኃጢአት ኅሊናን ያስጨንቃል፤ ንስሓም ያሳርፋል። ሆኖም የተጨነቀ ሁሉ በኃጢአቱ ነው ማለት የኢዮብን ወዳጆች ስሕተት መድገም ነው።

እግዚአብሔር ኤልያስን እንዴት አነሣው?

አሁን ወደ ክትክታው ዛፍ እንመለስ። ኤልያስ ቤርሳቤህ ሲደርስ ብላቴናውን እዚያው ትቶ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ሄደ። የደከመ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከሰው ይለያል። እግዚአብሔር ግን ተከተለው። ያደረገለትንም በቅደም ተከተል እንመልከት።

እንዲተኛ ተወው። ኤልያስ ሞትን ለምኖ ተኛ፤ መልአኩ የመጣው ሊገሥጸው አልነበረም። ነቢዩ ከበላ በኋላ እንደገና ሲተኛም አልተቆጣውም። እንቅልፍ የስንፍና ምልክት ሳይሆን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ሐኪሞችም የሚሉት ይህንኑ ነው፦ ቀን የተጠናው ነገር በአእምሮ ውስጥ የሚጸናው ስንተኛ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቸክሎ ለፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ያጠናውን በከፊል እያፈሰሰ ነው የሚሄደው። ሌሊት ቢያንስ ሰባት ሰዓት ያህል ተኙ፤ የመተኛና የመነሻ ሰዓታችሁ በየቀኑ ተቀራራቢ ይሁን፤ ስልካችሁን ከትራሳችሁ ሥር አውጡት። አልጋ ላይ ሆኖ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲያገላብጥ እኩለ ሌሊት የሚያልፍበት ሰው «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ማለት አይችልም።

እዚህ ላይ በድፍረት መነገር ያለበት አንድ ጉዳይ አለ። ለጥናት ብለው ጫት የጀመሩ የአማኝ ልጆች አሉ። የምርቃናው ሰዓት ሲያልፍ የሚመጣው መጫጫንና እንቅልፍ ማጣት ድባቴን ያባብሳል፤ ድባቴው ደግሞ ወደ ጫቱ ይመልሳል። በዚህ ውስጥ ካላችሁ አትሸሸጉ፤ ከአዙሪቱ መውጣት ይቻላል፤ ብቻችሁን ግን ከባድ ነው።

አበላው። በራሱ አጠገብ በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አገኘ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። መንፈሳዊው ነቢይ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዳቦ ነበር! የካፌው ወጥ ቢሰለችም ቁርስ አትዝለሉ። ጾምን በሚመለከት ደግሞ በጥበብ ተመላለሱ። ጾም የተባረከ ነው፤ ነገር ግን በድባቴ ውስጥ ሆኖ፣ ሳይተኛ፣ ክብደቱም እየቀነሰ ያለ ሰው ረጅም ጾም ቢይዝ ሰውነቱን ይበልጥ ይጎዳል። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነም ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጹሙ። እግዚአብሔር ለደከመው ኤልያስ ያዘዘለት እንጎቻውን ነበር።

አስኬደው። በዚያ ምግብ ኃይል አርባ ቀን ወደ ኮሬብ ተጓዘ። የሰውነት እንቅስቃሴ መጠነኛ ድባቴንና ጭንቀትን እንደሚቀንስ በሚገባ የተረጋገጠ ነው። ጂም መግባት አያስፈልግም። ከዶርም እስከ ላይብረሪ በረጅሙ መንገድ መሄድ፣ ማለዳ ሜዳውን ሁለት ዙር መዞር፣ ከወንድሞች ጋር ኳስ መጫወት ይበቃል። ፀሐይ ይንካችሁ።

ጠየቀው፤ አደመጠውም። በኮሬብ እግዚአብሔር ኤልያስን እዚህ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። የማያውቅ ሆኖ አልነበረም። ኤልያስ ምሬቱን ተናገረ፤ እንደገና ተጠየቀ፤ ያንኑ ቃል በቃል ደገመው። እግዚአብሔር «ይህን ነግረኸኛል» አላለውም። እናንተም በጸሎት የሚሰማችሁን እንዳለ ንገሩት፤ የተዋበ ጸሎት አትፈልጉ። ጸሎት እምቢ ካላችሁ አንዲት የመዝሙር ምዕራፍ ማንበብ ጸሎት ነው። ያን ያህል እንኳ ካቃታችሁ ወንድማችሁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ያንብብላችሁ።

እውነቱን ነገረው። ኤልያስ «እኔ ብቻዬን ቀረሁ» ይል ነበር። እግዚአብሔር ግን ለበኣል ያልተንበረከኩ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉ አሳወቀው። ድባቴ ሐሳብን ያጣምማል። አንድ «ኤፍ» ሲመጣ «ሕይወቴ አበቃ» ያሰኛል፤ ጓደኛ ሰላም ሳይል ቢያልፍ «ጠልቶኛል» ያሰኛል። እንዲህ ያለውን ሐሳብ ወረቀት ላይ ጻፉትና «ይህ በእርግጥ እውነት ነው? ጓደኛዬ እንዲህ ቢለኝ ምን እመልስለት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ የምክር ባለሙያዎችም የሚጠቀሙበት መንገድ ነው። ደግሞም እወቁት፦ ግቢያችሁ ውስጥ በዚሁ ሸክም የሚያቃስተው ተማሪ ከምታስቡት በላይ ብዙ ነው።

ሰው ሰጠው። ከኮሬብ ሲወርድ ኤልሳዕን አገኘ። ታሪኩ የጀመረው ብላቴናውን በመተው ነበር፤ የዳነው አብሮት የሚሄድ ሰው ሲሰጠው ነው። ጳውሎስም በመቄዶንያ በውጭ ጠብ፣ በውስጥ ፍርሃት ሲያስጨንቀው እግዚአብሔር ያጽናናው በቲቶ መምጣት ነበር (2ኛ ቆሮንቶስ 7)። ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ በባቢሎን ሦስት ዓመት እንዲማሩ ሲወሰዱ ከቤታቸው የራቁ፣ ስማቸው የተለወጠ፣ ባዕድ ቋንቋ የሚማሩ ወጣቶች ነበሩ። ንጉሡ ጠቢባኑ ሁሉ እንዲገደሉ ባዘዘ ጊዜ ዳንኤል ወደ ቤቱ ሄዶ ለጓደኞቹ ነገራቸውና አብረው ጸለዩ። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ ማዘኗን ለሦስቱ ደቀ መዛሙርት ተናግሯል። ጌታ ለጓደኞቹ ጭንቀቱን ከተናገረ እኛ የምናፍረው ለምንድን ነው?

ለብዙ ሰው መናገር የለባችሁም። አንድ የታመነ ሰው ፈልጉ፤ ምሥጢር የሚጠብቅ፣ ለመምከር የማይቸኩል። «ጌታ ይመስገን» ከማለት አልፋችሁ «ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ፈርቻለሁ» በሉት።

ጸሎቱና የበለሱ ጥፍጥፍ

ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታምሞ እያለቀሰ ጸለየ። እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰማ፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ጨመረለት። ከዚያስ? ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ፤ ንጉሡም ዳነ (ኢሳይያስ 38)። የፈወሰው እግዚአብሔር ነው፤ የበለሱ ጥፍጥፍም በእጁ ያለ መሣሪያ ነበር። ሕዝቅያስ «ጸልዬአለሁና ጥፍጥፉን አልፈልግም» አላለም። የጳውሎስ የአገልግሎት ባልደረባ ሉቃስም ሐኪም ነበር።

ወባ ቢይዛችሁ ትጸልያላችሁ፤ መድኃኒትም ትውጣላችሁ። አእምሮ ሲታመምስ ለምን ሌላ ሕግ እናወጣለን? ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ኀፍረት ነው። በአገራችን «አማኑኤል ገባ» የሚለው አነጋገር ለዘመናት መሳለቂያ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ስድብ ስንቱን ከሕክምና አስቀርቷል! በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ግን ብዙ ሺዎች ታክመው ወደ ቤታቸው፣ ወደ ሥራቸውና ወደ ትምህርታቸው የተመለሱበት ቦታ ነው። ደግሞም ዛሬ ሕክምናው በአንድ ሆስፒታል ብቻ የሚገኝ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ባለሙያዎች በአገር ውስጥ እየሠለጠኑ ነው፤ እንደ ጅማና ጎንደር ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በብዙ ሆስፒታሎች መጀመሪያ የሚያገኛችሁ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ ነው።

ከየት ትጀምራላችሁ? ከግቢው ክሊኒክ። «ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ እንዲህ እንዲህ ይሰማኛል» በሉ፤ ጨጓራውን ብቻ ተናግራችሁ አትመለሱ። የተማሪዎች ምክር አገልግሎት ካለ ሂዱ። የጤና ባለሙያ የታካሚውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሐኪሙ እንደ ሁኔታው በንግግር የሚደረግ ምክር ወይም መድኃኒት ወይም ሁለቱንም ሊያዝ ይችላል። የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን በዕለቱ አይሠራም፤ ለውጡ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት «አልረዳኝም» ብላችሁ፣ ወይም ሲሻላችሁ «ተፈውሻለሁ» ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ስለ መፈወሳችሁ መመስከር ከፈለጋችሁ ሐኪሙ «አሁን አቁም» ባለ ጊዜ ምስክርነቱ ይበልጥ ያምራል።

ትምህርቱን መቀጠል ካልቻላችሁም በዝምታ አትጥፉ። ዩኒቨርሲቲዎች በሕመም ምክንያት ትምህርት የማቋረጥና በኋላ የመመለስ ሥርዓት አላቸው። የሐኪም ማስረጃ ይዛችሁ ሬጅስትራር ብትሄዱ በሚቀጥለው ዓመት መመለስ ትችላላችሁ። ምንም ሳትናገሩ ከቀራችሁ ግን «ኤፍ» ይቆጠርባችኋል። ከዓመት ይልቅ ነፍስ ይበልጣል።

ሞት የተሻለ ሲመስል

ይህን ክፍል የምታነቡ አንዳንዶቻችሁ እንደ ኤልያስ «ይብቃኝ» ያላችሁ ትሆናላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች ዘንድ ራስን ማጥፋት በዓለም ላይ ከሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ይህ ሐሳብ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ከጌታ ፊት የሚያስጥላችሁ ምልክትም አይደለም። ድባቴው ሲታከም ሐሳቡም ይሄዳል። ዛሬ ማታ ግን ብቻችሁን አትደሩ። ይህን ገጽ ለጓደኛችሁ አሳዩትና «ይህ እኔ ነኝ» በሉት። ወደ ክሊኒክ ወይም ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አብሯችሁ ይሂድ።

ጓደኞች ሆይ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ስትሰሙ በቀልድ አትለፉት። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም፤ እፎይታ ይሰጣል። ለማንም አልናገርም ብላችሁ ቃል አትግቡ። አብራችሁት እደሩ፤ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፤ ሲነጋ አብራችሁት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አደጋው ቅርብ ከመሰላችሁ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ለፌሎሺፕ መሪዎችና ለወላጆች

በፌሎሺፕ መሪነት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ኅብረታችሁ ተማሪ የሚደበቅበት ሳይሆን የሚገለጥበት ቦታ እንዲሆን የማድረግ ዕድል በእጃችሁ ነው። ከመድረክ የሚሰማው ምስክርነት ሁሉ የድል ብቻ ከሆነ የደከመው ሰው አፉን ይዘጋል። ሁለት ሳምንት የቀረውን ሰው «ለምን ቀረህ?» ከማለት ይልቅ ዶርሙ ድረስ ሂዱ፤ ዳቦና ሻይ ይዛችሁ። ኳየሩን የሚመራው፣ ጸሎቱን የሚያስተባብረውም ሰው መሆኑን አትርሱ፤ ከፈተና ሰሞን አገልግሎት አሳርፉት። የታመመውን ሰው በጉባኤ መካከል አቁማችሁ ምክንያቱን አትናገሩ፤ ከመድኃኒቱም አታስጥሉት።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲደውል ከሁሉ በፊት «ውጤት ስንት መጣ?» አትበሉ። «በላህ? ተኛህ? ከማን ጋር ትውላለህ?» ብላችሁ ጀምሩ። ድምፁ ከተለወጠ፣ ስልክ ማንሣት ካቆመ፣ እንደ ንቀት አትቁጠሩት። ልጃችሁ ዲግሪውን ይዞ ባይመለስ እንኳ ልጃችሁ መሆኑን በአንደበታችሁ ንገሩት። ይህን ቃል የሰማ ልጅ ሸክሙ በግማሽ ይቀልለታል።

ኤልያስ ከዛፉ ሥር ሆኖ ታሪኩ ያለቀ መስሎት ነበር። ገና ኤልሳዕን መቀባት ነበረበት፤ ገና በንጉሥ ፊት መቆም ነበረበት። መልአኩም ያለው መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እንዲበላ ነው። እናንተም መንገዳችሁ ሩቅ ነው። ስለዚህ ብሉ፣ ተኙ፣ ተናገሩ፣ ታከሙ። እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ነው።

በኅብረታችሁ ተወያዩበት

1. አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን አብራችሁ አንብቡ። እግዚአብሔር ለኤልያስ ሥራ የሰጠው ከምን ከምን በኋላ ነው?
2. በፌሎሺፓችን አንድ ተማሪ «ደኅና አይደለሁም» ቢል ምን ያጋጥመዋል? ምን መለወጥ ይኖርብናል?
3. በዚህ ሳምንት ዶርሙ ድረስ ሄደን ልንጎበኘው የሚገባ ማን ነው?